ደጋ የወጣ ካርቡሬተር፦ በደብረ ብርሃን ስላለች አንዲት የሞተር ሳይክል ጋራዥ

ከሐዋሳ ወደ ደብረ ብርሃን ተዛውሬ ስመጣ፣ ዕቃዬን በጫነው አይሱዙ ላይ አሮጌውን ሞተር ሳይክሌንም አስጭኜ ነበር። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ስለሆንኩ አብዛኛው የሥራ ቀኔ የሚያልፈው ከከተማ ውጭ፣ ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው በመጓዝ ነው፤ መኪና በማይገባበት መንገድ የክትባት ሣጥኔን ጭኖ በሰዓቱ የሚያደርሰኝም ይህ ሞተር ሳይክል ብቻ ነው። ሐዋሳ ላይ ስድስት ዓመት እምብዛም ሳያስቸግረኝ ያገለገለ ሞተር፣ ደብረ ብርሃን በገባ በሁለተኛው ሳምንት ጠባዩ ተለወጠ። ጠዋት በቀላሉ ይነሣል፣ ሲሞቅ ግን ይታፈናል። ዳገት ላይ ነዳጅ በጨመርኩለት ቁጥር ድምፁ ይወፍራል እንጂ ፍጥነት አይጨምርም፤ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ በአንድ ሙሉ ታንክ እሄደው የነበረው መንገድም አጠረ። ይህን ችግር በመጨረሻ ስለፈታችልኝ አንዲት ጋራዥ፣ ከዚያም በፊት ገንዘቤን ስለበላው «አዲስ» ካርቡሬተር (አየርና ቤንዚን ቀላቅሎ ለሞተሩ ስለሚሰጠው ዕቃ) የማውቀውን ልጽፍ ነው።

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጠው። ጋራዧ በጠባሴ በኩል፣ ከዋናው አስፋልት ጥቂት ገባ ብላ የምትገኝ ባለ አንድ ክፍል ቆርቆሮ ቤት ስትሆን፣ ስም የተጻፈበት ታፔላ የላትም። የሚሠሩባት አንድ አዛውንት መካኒክና አንድ ወጣት ረዳታቸው ናቸው፤ ደንበኛው ሁሉ አዛውንቱን «ጋሼ» ብሎ ስለሚጠራቸው እኔም ከዚህ በታች እንደዚያው እጠራቸዋለሁ። ለካርቡሬተር ሥራ ከእሳቸው የተሻለ እጅ እስካሁን አልገጠመኝም፤ ፒስተንና ፋሻ ለማስቀየር ወይም ሞተር ለማስወረድ ግን ሄጄ ስለማላውቅ በዚያ በኩል ምስክርነት አልሰጥም። ቅር ያሰኙኝ ነገሮችም ስላሉ በቦታቸው አነሣቸዋለሁ።

ሞተር ሳይክሌ ከቻይና የመጣ ባለ 125 ሲሲ ሲሆን፣ ሞተሩ ሆንዳ በ1976 እ.ኤ.አ. ካወጣው ሲጂ 125 የተቀዳ ነው። ያ ሞተር ብዙ እንክብካቤ በማይገኝበት ቦታ እንዲያገለግል ታስቦ የተሠራ በመሆኑ ቫልቮላዎቹን የሚገፋው በዘንግ ነው፤ የሚዘረጋና የሚበጠስ የቫልቮላ ሰንሰለት የለውም። ካርቡሬተሩም በዚያው መንፈስ የተሠራ ቀላል ዕቃ ነው። የነዳጅ መስጫው ሽቦ አንድ ተንሸራታች ፒስተን ወደ ላይ ይስባል፤ ከፒስተኑ ግርጌ የተንጠለጠለች ቀጭን መርፌ አብራ ከፍ ስትል ቤንዚን የሚወጣበት ቀዳዳ እየሰፋ ይሄዳል። ከታች ቤንዚን የሚጠራቀምበት ጎድጓዳ፣ የቤንዚኑን ከፍታ የሚጠብቅ ተንሳፋፊ፣ እንዲሁም ቤንዚን በቀጭን ቀዳዳቸው የሚያሳልፉ፣ ከነሐስ የተሠሩ ሁለት ትናንሽ ጄቶች አሉ፤ አንዱ ለሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው ሞተሩ በዝግታ ሲዞር)፣ ሌላው ሙሉ ነዳጅ ሲሰጥ የሚያገለግል። ኮምፒውተርም ሆነ ሴንሰር የለውም። ብልሽቱን በዓይንና በጆሮ መለየት ይቻላል የምለው ለዚህ ነው፤ ያ ካልተቻለ ጉድለቱ አብዛኛውን ጊዜ የጠጋኙ ነው።

መጀመሪያ የወሰድኩት ወደ ሌላ ጋራዥ ነበር። እዚያ ያገኘሁት መካኒክ ምን እንደሚያመው ሳይጠይቀኝ ካርቡሬተሩን ፈታ፤ ጄቶቹን አውጥቶ በቤንዚን አጠባቸውና የሚኒሞዋን ጄት ቀዳዳ በልብስ መስፊያ መርፌ ጫፍ «ከፈተልኝ»። ያን ቀን ይህ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። የሚኒሞ ጄት ቀዳዳ ስፋቱ ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ነው፤ በእኔዋ ላይ የተቀረጸው ቁጥር 38 ነበር። ነሐስ ለስላሳ ብረት ስለሆነ የብረት መርፌ ሲገባበት ይፋቃል፣ የተፋቀ ቀዳዳ ደግሞ ተመልሶ አይጠብም። ሞተሩ ከዚያ ወዲህ ሚኒሞ ላይ እየተንገጫገጨ የሚጠፋ ሆነ። ስመለስበት «ካርቡሬተሩ አልቆለታል» አለኝና በ2,800 ብር አዲስ ሸጠልኝ።

ስለዚህ አዲስ ካርቡሬተር በዝርዝር መጻፍ ይገባል፤ ብዙ ሰው እንደ እኔ ይገዛዋልና። ካርቶኑ ያምራል፣ ብረቱ ያብረቀርቃል፣ በመጀመሪያው ቀንም ሞተሩ በአንድ ርግጫ ተነሣ። በሳምንቱ ግን ሌሊት ከሥሩ ቤንዚን እያንጠባጠበ አደረ፤ ጠዋት ግቢው ሸተተ፤ የሞተሩን ዘይት መለኪያ አውጥቼ ሳየው ዘይቱ ከወትሮው ቀጥኖ የቤንዚን ሽታ ነበረው። ተንሳፋፊው የሚዘጋው መርፌ በሚገባ ካልገጠመ ቤንዚኑ ሞልቶ ካርቡሬተሩን ከሞተሩ በሚያገናኘው ማኒፎልድ በኩል ወደ ሲሊንደር፣ ከዚያም ወደ ዘይቱ ይወርዳል። በቀጠነ ዘይት የሚነዳ ሞተር ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው። ገንዘቤን አልመለሰልኝም፤ «ዕቃ ከተገጠመ አይመለስም» ብሎኝ ተለያየን። አሮጌውን ካርቡሬተር ግን በፌስታል ጠቅልዬ አስቀምጬው ነበር፤ እንኳንም አልጣልኩት።

ወደ ጋሼ የመራኝ አንድ የወረዳ የግብርና ባለሙያ ነው። ስደርስ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሌላ ሰው ማግኔት እየጠቀለሉ ነበር። ሞተሩን ላስነሣው ስል በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ቆይ ልጄ፣ አታስነሣው። መጀመሪያ ንገረኝ። ሲቀዘቅዝ ነው ሲሞቅ የሚያስቸግርህ?»

«ሲሞቅ ነው፣ ጋሼ። ጠዋትማ ቾክ እንኳ አይፈልግም።»

«በዚህ ብርድ ቾክ አልፈለገም?» አሉና ቀና ብለው አዩኝ። «ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከሐዋሳ ነው የተዛወርኩት።»

«ሞተሩንም ከዚያው ነው ያመጣኸው?»

«አዎ።»

«አንተ ብርዱን ለምደኸዋል፤ ካርቡሬተርህ ግን ገና ሐዋሳ ነው ያለው።»

የሞተር ሳይክሌ ዋና በሽታ በዚህች አንዲት ንግግር ውስጥ ነበር። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ደብረ ብርሃን ግን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ አላት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከሐዋሳው በአንድ ስምንተኛ ያህል፣ በባሕር ዳርቻ ካለው ደግሞ ከሩብ በላይ ያንሳል። ሲሊንደሩ በእያንዳንዱ ስበት በአየር የሚሞላው ቦታ ሁልጊዜ አንድ ሲሆን፣ በዚያ ቦታ ውስጥ ያለው አየር ግን ደጋ ላይ ይሳሳል። የጄቱ ቀዳዳ ስፋት አይለወጥምና ቤንዚኑ አየሩ በቀነሰው መጠን አይቀንስም፤ ስለዚህ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል። ቤንዚን የበዛበት ሞተር ደግሞ ቀዝቃዛ ሳለ ደስ ይለዋል፤ ቾክ የሚሠራው ሥራም ይኸው፣ ድብልቁን ማወፈር ነውና። ሲሞቅ ግን ይታፈናል፣ ያጨሳል፣ ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላ ጥላሸት ይለብሳል። በብርዱ አገር ያለ ቾክ መነሣቱን እኔ እንደ ጤንነት ቆጥሬው ነበር፤ ለካስ ዋናው የሕመም ምልክት እሱ ኖሯል።

ጋሼ ምክንያቱን ቢገምቱም ወዲያው ካርቡሬተሩን አልፈቱም፤ እኔን ያሳመነኝም ይህ ነው። መጀመሪያ ካንዴላውን አውጥተው በሁለት ጣት ይዘው ወደ በሩ ብርሃን አቀረቡት። ጫፉ እንደ ምጣድ ጥቀርሻ ደርቆና ጠቁሮ ነበር፤ በጣታቸው ሲነኩት ጥላሸቱ እንደ ዱቄት ያዘላቸው። እርጥብና የሚቀባ ጥቁር ቢሆን ዘይት እየበላ ነው እንደሚያስብላቸው፣ ነጭና የተቃጠለ ቢሆን ደግሞ ተቃራኒውን፣ ማለትም የቤንዚን ማነስን እንደሚያሳይ ለረዳታቸው ሲያስረዱ እኔም ሰማሁ። ጤናማው የደረቀ የቡና ገለባ የመሰለ ቡናማ ነው። ቀጥለው የአየር ፊልትሮውን አውጥተው አራገፉት፤ በአቧራ የተደፈነ ፊልትሮ እንደ ደጋ አየር ሁሉ ሞተሩን ያፍነዋልና ሁለቱን ሳይለዩ ጄት መቀየር ስሕተት ነው አሉ። የቾኩ ክዳን ሙሉ በሙሉ መከፈቱን በጣታቸው ዳሰሱ። ፑንተሪያውን፣ ማለትም የቫልቮላዎቹን ክፍተት፣ በቀጭን የብረት መለኪያ ፈትሸው 0.08 ሚሊሜትር ላይ አስተካከሉት። የታንኩን ክዳን ከፍተው መተንፈሻዋን በአፋቸው ነፉ፤ እሷ ከተደፈነች ሞተሩ አሥር ደቂቃ ሄዶ ይጠፋል፣ ክዳኑ ሲከፈት ደግሞ ይነሣል፣ ባለቤቱም ካርቡሬተር ሲያስፈታ ይኖራል። በመጨረሻ ማኒፎልዱ ከሲሊንደሩ ጋር የሚገጥምበትን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሳለ በሳሙና ውኃ በተነከረ ብሩሽ ቀቡት፤ ድምፁ አልተለወጠም፣ ስለዚህ በዚያ በኩል አየር እየሰረቀ አልነበረም። ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ያለዚህ ሰዓት የሚደረግ ማስተካከያ ሁሉ ግምት ነው።

ቀጥለው አሮጌውንና አዲሱን ካርቡሬተር ጎን ለጎን በጨርቅ ላይ ፈቱ። አዲሱን ተንሸራታች ፒስተን በቤቱ ውስጥ አስገብተው ግራና ቀኝ ሲያወዛውዙት ይንቀጫቀጫል፤ የአሮጌው ግን ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ልክ ነበር። የአዲሱ ጄቶች ቁጥር የላቸውም። ቁጥር የሌለውን ጄት መጠኑን ሳያውቁ አንድ ደረጃ አሳንሶ መቀየር አይቻልም፤ ካርቡሬተሩን ለማስተካከያ የማይመች የሚያደርገውም ከሁሉ በላይ ይህ ይመስለኛል። በመርፌ የተፋቀችውን የአሮጌውን ጄት ወደ ሰማይ አንሥተው ዓይናቸው ላይ አስጠጉና ለእኔ ሰጡኝ። አየሁት፤ ቀዳዳው ክብ አልነበረም፣ በአንድ በኩል እንደ እንባ ጠብታ ተስቧል። «ይህን ያደረገው ሰው ክፉ አይደለም፤ ቸኩሎ ነው» ብለው ዝም አሉ፣ ስለዚያ ጋራዥም ሌላ ቃል አልተናገሩም።

የእሳቸው አጠባብ ሌላ ነው። ጎማና ፕላስቲክ የሆነውን ሁሉ ለይተው ያስቀምጣሉ፤ ብረቱን በማጠቢያ ፈሳሽ ነክረው ያቆያሉ፤ ከዚያ በእያንዳንዱ ቀዳዳ የኮምፕሬሰር አየር ያሳልፋሉ፣ አየሩ በሌላው ጫፍ መውጣቱንም በጣታቸው ያረጋግጣሉ። ለደረቀ ሙጫ እንኳ ቢሆን ከነሐስ የሚለሰልስ የናይለን ክር እንጂ ብረት አያስገቡም። በክረምት ሁለት ሦስት ወር የቆመ ሞተር ሳይክል በጎድጓዳው ውስጥ የቀረው ቤንዚን ተኖ ቢጫ ሙጫ ይተዋል፤ መጀመሪያ የምትደፈነውም ያቺ ቀጭኗ የሚኒሞ ጄት ናት። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ከማቆም በፊት ከታች ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን ላላ አድርጎ ጎድጓዳውን ባዶ ማድረግ ይበቃል፤ እኔ ይህን በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አድርጌ አላውቅም።

የተንሳፋፊውን ከፍታ የለኩበት መንገድ በጣም ደስ ያሰኘኝ ነበር። በማፍሰሻዋ ላይ ለጉሉኮስ የሚሆን ግልጽ ቱቦ ሰኩ፤ ቱቦውን ወደ ላይ አጥፈው በካርቡሬተሩ ጎን አቆሙትና ቤንዚኑን ከፈቱ። ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ ወጥቶ የቆመበት ቦታ በጎድጓዳው ውስጥ ያለው ከፍታ ነው፤ ሳይፈቱ ውስጡን ማየት ማለት ነው። ከጎድጓዳው ከንፈር ጥቂት ከፍ ብሎ ስለነበር የተንሳፋፊውን ትንሽ ምላስ በሚስማር ራስ ዝቅ አደረጓት፣ ደግመው ለኩ፣ እንደገና ዝቅ አደረጓት። እኔ ለከብት መድኃኒት የምጠቀምበትን ቱቦ ሰው ለዚህ ሲያውለው ሳይ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ክንድ ያህል በመሣሪያ ቦርሳዬ ይዣለሁ።

ማስተካከያው የተካሄደው በነጭ ፕላስተር ነው። የነዳጅ መስጫው እጀታ ላይ አንድ ቁራጭ፣ እጀታው በሚዞርበት ቤት ላይ ደግሞ ከዝግ እስከ ሙሉ አራት ምልክት ያለው ሌላ ቁራጭ ለጠፉ። ምክንያቱን እንዲህ አስረዱኝ። እስከ መጀመሪያው ስምንተኛ ገደማ የሚያዘው የሚኒሞ ጄት ነው፤ ከዚያ እስከ ሩብ የተንሸራታቹ ፒስተን ግርጌ አቆራረጥ፤ ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ መርፌዋ፤ ከዚያ በላይ ዋናው ጄት። ስለዚህ «ሞተሬ ይታፈናል» ማለት ብቻውን ለመካኒኩ ምንም አይነግረውም፤ እጀታው የት ላይ ሳለ እንደሚታፈን ከተነገረ ግን ጥፋተኛው ክፍል ይታወቃል። ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ላይ እኔ እየነዳሁ ረዳታቸው ከኋላዬ ተቀምጦ ምልክቱን እያየ ይጽፍ ነበር። ከግማሽ በላይ ይታፈናል፣ ሙሉ ላይ ይብሳል፤ ጥፋቱ ዋናው ጄትና መርፌዋ ላይ ነው ማለት ነው።

ተመልሶ በተገጠመው በአሮጌው ካርቡሬተር ዋና ጄት ላይ የተቀረጸው ቁጥር 105 ነበር። በ100 ተለወጠ። በመርፌዋ አናት ላይ ካሉት አምስት ጥርሶች ቅንጥቧ ሦስተኛው ላይ ነበረች፤ ወደ ሁለተኛው ከፍ ስትል መርፌዋ ዝቅ ብላ ቤንዚኑን ትቀንሳለች። ከዚያ ደግመን ወጣን፤ ረጅም ዳገት ላይ ሙሉ ነዳጅ ሰጥቼ ስሄድ ቆይቼ፣ ፍሪሲዮን ይዤ ሞተሩን በዚያው አጠፋሁና ካንዴላው ሳይበላሽ ምስክርነቱን እንዲሰጥ ገፍተን ጥግ አቆምነው። በሚኒሞ እየነዱ ተመልሶ ካንዴላ ማየት የሚኒሞውን እንጂ የዋናውን ጄት ጠባይ አያሳይም። ካንዴላው ቡናማ ወጣ። እዚህ ላይ ከልቤ የማደንቃቸው አንድ ነገር አደረጉ፦ እኔ «ትንሽ ቢቀነስ የበለጠ ቤንዚን አይቆጥብልኝም?» ብላቸው እንቢ አሉኝ። በሥራዬ ምክንያት አልፎ አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት እንደምወርድ ነግሬያቸው ነበርና፣ ለደጋ ብቻ የተጠበበ ጄት ቆላ ሲወርድ ቤንዚን አንሶት ሞተሩን ከልክ በላይ እንደሚያሞቀው፣ ቤንዚን የበዛበት ሞተር ጭስ እንደሚያወጣ፣ ያነሰበት ግን ፒስተኑን ሊበላ እንደሚችል ነገሩኝ። ሌላም የተናገሩት እውነት ነበር፤ ማስተካከያው አፈናውን ቢያስወግድም፣ በሳሳ አየር ምክንያት የቀነሰውን ጉልበት ግን ማንም ጄት አይመልሰውም። «ሐዋሳ ላይ በአራተኛ ማርሽ የወጣኸውን ዓይነት ዳገት እዚህ በሦስተኛ ውጣ» አሉኝ። ጉልበቱን ሙሉ በሙሉ እመልስልሃለሁ ቢሉኝ ኖሮ አምኜ እከፍል ነበር።

የሚኒሞው ማስተካከያ የመጨረሻው ሲሆን የሚሠራውም ሞተሩ በሚገባ ከሞቀ በኋላ ነው። ሁለት ብሎኖች አሉ፤ አንዱ ባለ ሞላው የዙሩን ፍጥነት ብቻ የሚያስተካክል፣ ሌላው ድብልቁን። የድብልቁ ብሎን ያለበት ቦታ ወሳኝ ነው፤ ከተንሸራታቹ ፒስተን ወደ ሞተሩ በኩል ከሆነ የሚቆጣጠረው ቤንዚኑን ስለሆነ ሲላላ ድብልቁ ይወፍራል፣ ወደ ፊልትሮው በኩል ከሆነ የሚቆጣጠረው አየሩን ስለሆነ ሲላላ ይቀጥናል። ይህን ያላወቀ ሰው ቀኑን ሙሉ በተቃራኒው ሲያዞር ይውላል። በቀስታ እስኪነካ አጥብቀው፣ አንድ ተኩል ዙር አላልተው ጀመሩ፤ ከዚያ በሩብ ዙር እያስኬዱ ድምፁ ከፍ ብሎ የሚረጋበትን ቦታ ፈለጉ። ያን ካገኙ በኋላ ባለ ሞላውን ብሎን ዝቅ አድርገው ዙሩን ወደ 1,400 ገደማ አወረዱት። የዙር መለኪያ የለኝም፤ ቁጥሩን የለዩት በረዳታቸው ትንሽ መለኪያ ነው፣ እሳቸው ግን መለኪያው ከመምጣቱ በፊት በጆሮ አድርሰውት ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሥራ አጋጥሞኝ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ። ይህ መንገድ ለካርቡሬተር የመጨረሻው ፈተና ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጣርማ በር ዋሻ ተነሥቶ በደብረ ሲና ጠመዝማዛ አልፎ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወደሚገኘው ቆላ ይወርዳል። ጣርማ በር ላይ በጉም ውስጥ ሚኒሞው ሳይንቀጠቀጥ ቆመ። ደብረ ሲና ላይ አንድም ጉድለት አልተሰማኝም። ሸዋ ሮቢት ስደርስ ግን ነዳጁን ስለቅ ዙሩ ወዲያው አይወርድም፣ ለአፍታ ተንጠልጥሎ ይቆያል፤ ጋሼ አስቀድመው የነገሩኝ የቤንዚን ማነስ ምልክት ይህ ነበር። እዚያ ሦስት ቀን መቆየት ስለነበረብኝ እንዳሳዩኝ የመርፌዋን ቅንጥብ ወደ ሦስተኛው ጥርስ መለስኳት፣ የድብልቁንም ብሎን በሩብ ዙር አወፈርኩት። ሥራው ሩብ ሰዓት ያህል ወሰደብኝ፤ በአንድ ካቻቢቴና በአንድ ፒንሳ ተጠናቀቀ። በመልሱ ዳገት አፈናው ሲጀምር ደብረ ሲና ላይ ቆሜ ወደነበረበት መለስኩት።

ቅር ያሰኙኝን ደግሞ ሳልደብቅ ልንገር። አንደኛ፣ ጄት በክምችት አይዙም። ዋናውን ጄት ከተጣለ ካርቡሬተር ላይ ፈትተው ቢሰጡኝም 38 ቁጥር የሚኒሞ ጄት ግን አልነበራቸውም፤ ለእሷ ስል 130 ኪሎ ሜትር ተጉዤ መርካቶ ወርጃለሁ። በአካባቢው ይህን ያህል ሞተር ሳይክል እያለ አሥር አሥር ጄት በየቁጥሩ መያዝ ለእሳቸውም ለደንበኛውም ይጠቅም ነበር። ሁለተኛ፣ ሁለት ቀን ያሉኝ ሥራ ስድስት ቀን ፈጀ፤ በእነዚያ ቀናት ያለ መጓጓዣ ቀርቼ አንድ የክትባት ፕሮግራም ተሰርዞብኛል፣ ይህን የመሰለ መዘግየት ቢያንስ በስልክ ሊነገረኝ ይገባ ነበር። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚያሳስበኝ፣ ቤንዚን የነካ ዕቃ በሚፈታበት በዚያች ጠባብ ክፍል በር ላይ ከሰል ተያይዞ ቡና ይፈላል። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ በወለል ላይ እየተሳበ ሄዶ እሳት ያገኛል። ይህን ለረዳታቸው ነግሬው ምድጃውን አርቆ አስቀምጦታል፤ በሌላ ቀን ስሄድ ግን ወደ ቦታው ተመልሶ አየሁት። እንዲህ ያለ እጅ ያለው ሰው በእንዲህ ያለ ነገር እንዲጎዳ አልፈልግምና የሚሄድ ሁሉ ቢያሳስባቸው ደስ ይለኛል።

ስለ ዋጋው፣ ለጠቅላላው ሥራ የከፈልኩት 900 ብር ነው፤ ጓርኒሲዮኖችና የተንሳፋፊው መርፌ ያሉበት የጥገና ኪት 450 ብር፣ የሚኒሞ ጄቷ 150 ብር ወጣባቸው። በድምሩ 1,500 ብር፣ ለአዲሱ ካርቡሬተር ካወጣሁት ጥቂት ከግማሽ በላይ ማለት ነው፤ ለመርካቶው ጉዞ ያወጣሁት ለብቻው ነው። ደረሰኝ አይሰጡም፤ መሥሪያ ቤቱ ወጪውን ይተካልኛል ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ። ቁጥር የሌለውን ካርቡሬተር ለመለዋወጫ እንኳ ይሆን እንደሆነ ጠይቄያቸው ጎድጓዳውንና ብሎኖቹን ብቻ ወስደው ሌላውን መለሱልኝ።

አሁን ስድስተኛ ወሩ ነው። ጠዋት ቾክ ይፈልጋል፣ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ቾኩን እመልሳለሁ፤ ጭሱ ጠፍቷል፤ ዘይቱም ቤንዚን አይሸትም። ወደ ጋሼ የምትሄዱ ከሆነ ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ይሻላል፤ ቅዳሜ ከገጠር ለገበያ በሚወጣው ሞተር ሳይክል ሁሉ ይጨናነቃሉ። ከዚህ ቀደም የተፈታ ጄት ወይም አሮጌ ካርቡሬተር ቤታችሁ ካለ ይዛችሁ ሂዱ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ይድረስ፤ ካንዴላውንም አጽድታችሁ አትውሰዱ፣ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።